ባልና ሚስት ሁለቱም ልክ ሲሆኑ፦ «ኤ ሴፓሬሽን»ን ያያችሁ የሀዋሳ ልጆች ኑ እንወያይ

ሐይቅ ዳር (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ብናወራ ደስ ይለኛል። «ኤ ሴፓሬሽን» ይባላል። የኢራን ፊልም ነው፣ አስጋር ፋርሃዲ ጽፎ ያዘጋጀው። የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ ወርቃማውን ድብ ወሰደ። በዓመቱ ደግሞ የውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካርን አገኘ፣ ለኢራን የመጀመሪያው ነበር። ሽልማቱን ያነሳሁት ላላወቁት ላስተዋውቅ ብዬ ነው። ማውራት የፈለግኩት ስለ ባልና ሚስቱ ነው። ያላያችሁት ተጠንቀቁ፣ ታሪኩን ከነመጨረሻው ነው የማነሳው።

ሲሚንና ናደር 14 ዓመት በትዳር ኖረዋል። ተርሜህ የምትባል የ11 ዓመት ልጅ አለቻቸው። ሲሚን ልጇን ይዛ ውጭ አገር መኖር ትፈልጋለች፣ ቪዛውም ወጥቷል። ናደር አይሄድም። አባቱ አልዛይመር ይዟቸዋል። ልጃቸው መሆንህን እንኳ አያውቁም ስትለው፣ እኔ ግን አባቴ መሆናቸውን አውቃለሁ ይላታል። እኔ እዚህ ጋ ለሁለቱም አዘንኩ።

ፊልሙ የሚጀምረው ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊት ለፊት እኛን እያዩ ይናገራሉ። ዳኛው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። የዳኛው ወንበር ላይ ያስቀመጡት እኛን ነው። ሲሚን ባሏን አትከሰውም። ጥሩ ሰው መሆኑን በራሷ አፍ ትናገራለች። ግን መፋታት እፈልጋለሁ ትላለች።

የኛ ፊልም ላይ ባልና ሚስት ከተጣሉ አንዱ መጥፎ መሆን አለበት። ወይ ባል ውጭ ሴት ይይዛል፣ ወይ አማት ነገር ታመላልሳለች፣ ወይ ከአሜሪካ የመጣ ሀብታም መሀል ይገባል። እዚህ ፊልም ላይ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ያለው እልህ ነው። ናደር አንድ ጊዜ «አትሂጂ» ቢላት ትቀር ነበር፣ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው። አላላትም። እሷም እንዲላት እየጠበቀች «ለምነኝ» አላለችውም። ልብሷን ሸክፋ እናቷ ቤት ገባች። ስንት ቤት ነው እንዲህ የፈረሰው?

አንድ ትዕይንት ደግሞ በደንብ እዩልኝ። ሲሚን ቤቱን ለቃ በምትወጣበት ቀን ፒያኖ የሚሸከሙት ሠራተኞች ሒሳብ ይጨመርልን ይላሉ። እሷም ንትርክ ስላልፈለገች ከመሳቢያ ብር አውጥታ ትሰጣቸዋለች። አለቀ። ማንም ትኩረት አይሰጠውም። በኋላ ናደር ከመሳቢያው ብር መጉደሉን ሲያይ አባቱን እንድትጠብቅ የቀጠራትን ራዚየህን ሌባ ይላታል። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ባልና ሚስቱ ቢነጋገሩ ኖሮ «ብሩን እኔ ነኝ የወሰድኩት» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። ተኮራርፈዋላ!

እስቲ ያያችሁ፣ ማን ላይ ፈረዳችሁ?

ሞቢል ሰፈር

እኔ ሲሚን ላይ ነው የፈረድኩት፣ ሳልደብቅ ልናገር። አባቱ አልጋ ላይ ያሉበትን ሰው «ጥለሃቸው ና» ማለት ምን ማለት ነው? ወልዶ፣ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ሲያረጅ የሚጦረው ካጣ ሰው ለምን ይወልዳል? እናቴ አያቴን እስከ መጨረሻዋ ቀን አስታማ ነው የሸኘቻት። አንድ ቀን ሰለቸኝ ስትል አልሰማሁም። ናደር ላይ እልህ አለ ብላችኋል፣ ይሁን። ግን ወላጁን ያልጣለ ሰው ነው። እኔ ለዚህ ክብር እሰጠዋለሁ።

ነርሷ

ሞቢል ሰፈር ወንድሜ፣ ስለ እናትህ ያልከው ልቤን ነክቶታል። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። አያትህ የእናትህ እናት ናቸው ወይስ የአባትህ?

የምጠይቅህ በምክንያት ነው። ናደር አባቱን የሚጠብቅ ሰው መፈለግ የጀመረው መቼ ነው? ሲሚን ከቤት ስትወጣ። እንግዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ ማን ነበር የሚጠብቃቸው? ፊልሙ ይህን በቃል አይናገርም፣ ግን ወለል ብሎ ይታያል።

እኔ የምሠራው ዎርድ ውስጥ ነው። የታመመ አዛውንት አልጋ ስር ማን እንደሚያድር በየቀኑ አያለሁ። ወንድ ልጅ ይከፍላል፣ መድኃኒት ገዝቶ ይመጣል፣ ጠዋትና ማታ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ «የተባረከ ልጅ» ይለዋል፣ ይገባዋልም። አንሶላ የምትቀይረው፣ የምታጥበው፣ የምታጎርሰው ግን ምራት ናት፣ ወይ ሴት ልጅ፣ ወይ ተቀጣሪ። እሷን ማንም የተባረክሽ አይላትም፣ ግዴታዋ ነዋ።

ፋርሃዲ ይህን በደንብ አይቶታል። ራዚየህ ነፍሰ ጡር ናት። ሃይማኖቷን የምታጠብቅ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን አዛውንቱ ልብሳቸው ላይ ይሸናሉ። ባዕድ ወንድ ገላ መንካት ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን ብላ የሃይማኖት አዋቂ ጋ ስልክ ትደውላለች። ትንሿ ልጇ አጠገቧ ቆማለች። ለአባዬ አልነግረውም ትላታለች። አንዲት ሕፃን ይህን ማለት ከቻለች በዚያ ቤት ምን ያህል ፍርሃት እንዳለ አስቡት። ባሏ ሥራ ያጣ፣ አበዳሪ የከበበው ሰው ነው። እዚህ ሥራ መግባቷንም አያውቅም።

ናደርን አልጠላሁትም። አባቱን ገላቸውን እያጠበ፣ ፊቱን ትከሻቸው ላይ ደፍቶ የሚያለቅስበት ቦታ አለ። እዚያ ጋ እኔም አልቅሻለሁ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ በፊልም ማየት ብርቅ ነው።

ሞቢል ሰፈር

የአባቴ እናት ናት። ገብቶኛል ያልሽው። ግን እናቴ ጥላ አልሄደችም።

ነርሷ

አልሄዱም። መሄድ ቢፈልጉስ ይችሉ ነበር ወይ?

ፋይልና ችሎት

እኔ የሕግ ሰው ነኝ፣ በዚያ በኩል ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር አለ። ፊልሙ ላይ ሲሚን ልጇን ይዛ ከአገር ለመውጣት የናደር ፈቃድ ያስፈልጋታል። ያለ በቂ ምክንያት ፍቺውንም በቀላሉ አታገኝም። ባሏን ጥሩ ሰው ነው ማለቷ ራሱ ጉዳዩን ይጎዳባታል። ዳኛው ችግራችሁ ጥቃቅን ነው ዓይነት መልስ ሲሰጣት ፊቷን እዩት።

እኛ ጋ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ፍቺ የሚወስኑት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። በፌዴራሉ ሕግ ባልና ሚስት ተስማምተው ወይም አንዳቸው ብቻቸውን ፍቺ መጠየቅ ይችላሉ። ተስማምተው ሲመጡ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ልጅን በተመለከተ የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር ይታያል፣ የልጁ ዕድሜና ጥቅምም እንደዚያው። ስለዚህ አንዲት ሲሚን ሀዋሳ ላይ ብትኖር ፍቺውን ታገኝ ነበር። የሁለቱን ልብ ግን የትኛውም ሕግ አይፈታውም።

ፊልሙ ላይ በጣም የወደድኩት ሰው ሁሉ ዳኛ ፊት ሲቆም ትንሽ ትንሽ እንደሚዋሽ ማሳየቱ ነው። ላላያችሁት፦ ናደር ራዚየህን ከበር ገፍትሮ ያስወጣታል። ከዚያ ጽንሱ ይወርድባታል። ነፍስ በማጥፋት ይከሰሳል። ክሱ የሚቆመው ነፍሰ ጡር መሆኗን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም በሚለው ላይ ነው። አላውቅም ይላል። ያውቅ ነበር። እስር ቤት ብገባ አባቴንና ልጄን ማን ያያቸዋል ብሎ ነው የዋሸው። እኔ ችሎት ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው፣ ቤተሰቡን የሚወድ ፈሪ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ናደር ካሳውን ሊከፍል ይስማማል። ራዚየህ ቁርአን ላይ እጅሽን አድርገሽ በሱ ምክንያት ነው ብለሽ ማይ ይላታል። መማል አቃታት። በዋዜማው መኪና ገጭቷት ነበር። ብሩ የባሏን ዕዳ ሁሉ ያወርድላቸው ነበር። አልማለችም። መጽሐፍ ይዞ መማል ምን ያህል እንደሚከብድ ለኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። በሐሰት ከምል ብደኸይ ይሻለኛል ያለች ሴት ናት። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያከበርኩት እሷን ነው።

ምናኸሪያ

እኔ ግማሹ ላይ ሊያስተኛኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሙዚቃ የለው፣ ቆንጆ ቦታ የለው፣ ሰው ከክፍል ክፍል እየተመላለሰ ይጨቃጨቃል። መጨረሻውም የለም። ልጅቷ ማንን እንደመረጠች ሳይነግሩን አለቀ። ቃና ላይ የሚታዩት የቱርክ ድራማዎች እኮ ቢያንስ መጨረሻ አላቸው። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ሌላ ጭቅጭቅ ለምን ያያል?

ካሜራ ጀርባ

ምናኸሪያ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ በደንብ ልመልስልህ። ሀዋሳ ውስጥ ሰርግና ዝግጅት እቀርጻለሁ። አጫጭር ፊልሞችም ሞክሬያለሁ። ስለዚህ በሙያው በኩል ልናገር።

ሙዚቃው የሌለው ሆን ተብሎ ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ እስኪወጣ ድረስ ማጀቢያ የለም። ሙዚቃ ካለ «አሁን እዘን፣ አሁን ፍራ» ይልሃል። ሙዚቃው ሲወጣ የምትሰማው በር ሲዘጋ ነው፣ አዛውንቱ ሲተነፍሱ፣ ኮሪደር ላይ ሰው ሲያልፍ። ማንን ልመን የሚለው ላንተ ይተዋል። የኛን ፊልሞች እዩ። አንዲት ሴት ፊቷን ከማዞሯ ፒያኖና ማሲንቆ ይከተላታል። ተዋናይዋ የምትሠራው ሥራ ይጠፋል።

ሌላው የተደበቀው ነገር ነው። አዛውንቱ ከቤት ይወጣሉ። ራዚየህ ተከትላ መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ደርሳ ልትሻገር ስትል ይቆረጣል። ቀጣዩ ትዕይንት ሌላ ነገር ነው። መገጨቷን እኛም የምናውቀው ፊልሙ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው። አላታለለንም፣ አይተን ነበር። አልጠየቅንም እንጂ። ናደርንና ሲሚንን ስንወቅሳቸው የቆየነው ባልተጠየቀ ነገር ነው፣ እኛም ተመልካቾቹ ሳንጠይቅ አልፈናል። እኔ ይህን ዓይነት አቀራረጽ ማጥናት ነው የምፈልገው።

ትወናው ላይ ደግሞ በርሊን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ምርጥ ተዋናይ የሚለውን ሽልማት ለአንድ ሰው አልሰጡም። ለወንዶቹ ተዋንያን በጋራ፣ ለሴቶቹም በጋራ ሰጡ። ፋርሃዲ የተማረው ቴአትር ነው፣ ይህ ያስታውቃል። ተዋንያኑ ሲነጋገሩ አንዱ ሌላውን ይሰማል። የኛ ተዋንያን ችሎታ አላቸው፣ በዚህ አልደራደርም። የጎደለው ልምምድ ነው። ስክሪፕቱን በማለዳ ሰጥተህ ከሰዓት ትቀርጻለህ። ባልና ሚስት ሆነው የሚተውኑት ሰዎች ገና ስም እየተዋወቁ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ «ብሉ ቫለንታይን» የሚባል የአሜሪካ ፊልም አለ፣ እሱም የባልና ሚስት ነው። የፍቅሩን ዘመን ቀርጸው ሲጨርሱ ሥራው ቆመ። ሁለቱ ተዋንያን ልጃቸው ሆና ከምትተውነው ሕፃን ጋር አንድ ቤት ውስጥ ወር ገደማ አብረው ዋሉ። ገበያ ወጡ፣ ዕቃ አጠቡ፣ ተጨቃጨቁ። ከዚያ ነው የመለያየቱን ዘመን የቀረጹት። አንድ ወር ማን ይሰጠናል ትሉኛላችሁ። አንድ ሳምንትስ?

መጨረሻውን በተመለከተ ሌሎች ይመልሱልህ፣ እኔ ይህን ያህል ካወራሁ ይበቃል።

እናት ነኝ

ስታወሩ እየተከታተልኩ ነበር። ስለ ሲሚንና ናደር ብዙ አላችሁ። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ተርሜህ ነው።

እኔ የተፋታሁ ነኝ። ከመፋታታችን በፊት ረጅም ኩርፊያ ነበር። ቤታችን ውስጥ ጩኸት የለም፣ ዱላ የለም፣ ጎረቤት ምንም አያውቅም። ዝም ነው። ታዲያ ሰው አንድ ቤት እየኖረ ሳይነጋገር አይችልም፣ ምሳ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። የምንነጋገረው በልጄ በኩል ነበር። «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በዪው።» እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል። ልጄ ዞር ብላ «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል» ትለዋለች። «አልራበኝም በያት» ይላታል። እሷም ወደኔ ዞራ «አልራበኝም ይልሻል» ትለኛለች። ድምፁን ሰምቼዋለሁ እኮ። እሷ ግን የራሷን ትጨምርበታለች። «ትንሽ ቆይቶ ይበላል» ትለኛለች። እሱ እንደዚያ አላለም። ሁለታችንን ልታስታርቅ ነው የምትጨምረው።

ተርሜህን ሳያት ያየሁት ይህን ነው። እናቷ ስትወጣ አብራ አልሄደችም። አባቷ ጋ የቀረችው እናቷ እሷን ትታ ብዙ እንደማትርቅ ስለምታውቅ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ትዳሩን በራሷ ገላ አስራ ይዛ ቆማለች። አባቷን «እማዬን ተመለሺ በላት» ስትለው ለምን እላታለሁ፣ እሷ አይደለች የሄደችው ይላታል። እናቷ ደግሞ አንድ ጊዜ አትሂጂ አላለኝም ብላ ታለቅሳለች። ልጅቷ የሁለቱንም ትሰማለች።

ነዳጅ ማደያው ላይ ያለውንም አስታውሱ። ናደር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ተርሜህን ነዳጁን ራሷ እንድትቀዳ ያደርጋታል። መልሱን ሳይሰጧት ስትመለስ ሂጂ ተቀበይ ይላታል። ሄዳ ተከራክራ ታመጣለች። በመስታወት እያያት ፊቱ ላይ ኩራት ይታያል። እንደዚህ ያለ አባት ነው። ልጁ መብቷን እንድታውቅ፣ ለማንም እንዳትጎነበስ ያስተምራታል። በኋላ ያችው ልጅ ዳኛ ፊት ቀርባ ለሱ ስትል ትዋሻለች። እውነት አስተምሯት ለሱ ብላ ዋሸች። መኪና ውስጥ ገብታ እንባዋ ዝም ብሎ ሲወርድ ፊልሙን አቁሜ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ።

ምናኸሪያ የኔ ልጅ፣ መጨረሻው የለም ላልከው። መጨረሻ ላይ ዳኛው ተርሜህን ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ ይላታል። ወስኛለሁ ትላለች። እናትና አባቷ ውጡ ይባላሉ። ኮሪደር ላይ በመስታወት በር ተለያይተው ይጠብቃሉ፣ ጽሑፉ ይወጣል። ማንን እንደመረጠች ቢነግሩህ አሸናፊና ተሸናፊ ይኖር ነበር። አንተም «እሰይ» ወይ «ወይኔ» ብለህ ትተኛለህ። ልጄን አንድ ዘመድ በሰው መሀል «ከእናትሽና ከአባትሽ ማንን ትወጃለሽ?» ብሎ ጠይቋት ያውቃል። ለጨዋታ ብሎ ነው። የዚያን ቀን ራት አልበላችም። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም፣ ፋርሃዲም መልስ ሳይሰጠው ተወው።

ሐይቅ ዳር (ክሩን የከፈተችው)

እናት ነኝ እህቴ፣ ያልሽውን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። «ትንሽ ቆይቶ ይበላል» ያለችው ልጅ የት ደረሰች?

እናት ነኝ

አድጋለች፣ ዩኒቨርሲቲ ናት። ደህና ናት፣ ተመስገን። አሁንም ከአባቷ ሰላምታ ስታደርሰኝ ትጨምርበታለች።

አቶቴ

እኔ በዚህ መድረክ ብዙ አልጽፍም፣ አነባለሁ። ይሄኛው ግን የኔ ነው።

ዲቪ የደረሳት ባለቤቴ ናት። ሠፈሩ ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ዓይኗም ደክሟል። ሌላ ልጅ የላትም። አልሄድም አልኩ። ባለቤቴ አልተጣላችኝም። «ገብቶኛል፣ ቀድሜ ሄጄ ላመቻች» አለችኝ። ሁለታችንም እየዋሸን መሆኑን እናውቅ ነበር። ማንም አልጮኸም።

ሞቢል ሰፈር፣ አንተ ናደርን አክብረሃል፣ እኔም አከብረዋለሁ። እናቴን በመጦሬ አንድ ቀን አልተጸጸትኩም። ነርሷም ልክ ናት፣ ባለቤቴ ከሄደች በኋላ ነው መርፌ መውጋት የተማርኩት። ቤት ውስጥ ስንት ሥራ እንዳለ ያየሁትም ያኔ ነው። ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ፊልሙ ላይ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ሲሚንና ናደር ስለ ቪዛው፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ካሳው ይጨቃጨቃሉ። «ትወጂኛለሽ ወይ? አንተስ?» የሚል ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዳቸውም አይጠይቁም። እኛም አልተጠያየቅንም። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቲኬቱ፣ ስለ እናቴ መድኃኒት አወራን። አሁን ስንደዋወል ስለ ብርዱ ታወራኛለች። እኔ ዘንድሮ ዝናቡ እንደቆየ እነግራታለሁ። ደህና ዋይ፣ ደህና ሁን፣ ይዘጋል።

ይህን የሚያህል ነገር የአማርኛ ፊልም ላይ አላየሁም። እዚህ አገር ዲቪ የነካው ቤት ስንት ነው? ዓረብ አገር ሄዳ ባሏ ልጅ የሚያሳድግባት ስንት ናት? ከሆሳዕና ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በስልክ የሚተዳደር ትዳር ስንት ነው? ታሪኩ በየቤቱ ሞልቷል። የሚሠራው ፊልም ግን ሰርጉ ላይ ነው የሚያልቀው። ትዳር የሚጀምረው መች ሆነና?

ነርሷ

አቶቴ ወንድሜ፣ እናትህ እንዴት ናቸው? እግራቸውን በየቀኑ እየው፣ የጣታቸውን መሀል ሁሉ። ስኳር ያለበት ሰው ሲቆስል ላይሰማው ይችላል። ሌላውን ደግሞ፣ እኔ ብሆን ስለ ዝናቡ ከማውራቴ በፊት ያን ጥያቄ እጠይቃት ነበር። አሁንም ስልክ አለ።

ሞቢል ሰፈር

አቶቴ፣ እጅህን ይባርከው። ስለ ናደር ያልኩት አሁንም ያው ነው። ወላጅ አይጣልም፣ ከዚህ የሚያነቃንቀኝ የለም። ግን ነርሷ የጠየቀችኝን ጥያቄ ትናንት ለእናቴ ጠየቅኳት። «መሄድ ብትፈልጊ ትችይ ነበር ወይ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «የት?» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ፋይልና ችሎት

ወይ እናት!

ካሜራ ጀርባ፣ አንተ አጭር ፊልም እሠራለሁ ብለሃል። ይህን ሁሉ ሰምተህ ዝም ልትል ነው?

ካሜራ ጀርባ

ዝም አላልኩም፣ እየጻፍኩ ነው። አቶቴንና እናት ነኝን በውስጥ መስመር አስፈቅጃለሁ፣ የማንም ታሪክ እንዳለ አይገባም። ባልና ሚስት፣ አንዲት ልጅ፣ አንዲት አሮጊት እናት። ቤቱ ሀዋሳ ነው፣ ግን ሐይቁ አይታይም። ሁሉም ሰው ሀዋሳን ሲቀርጽ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሁለት ሰው ያስኬዳል፣ ከዚያ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣና አባ ኮዳ ያሳያል። እኔ ሳሎን፣ ጓዳና በረንዳ ብቻ ነው የምፈልገው። ምሳ ሰዓት ነው። ልጅቷ መሀል ቆማ መልእክት ታመላልሳለች። ማጀቢያ ሙዚቃ አይኖርም።

ሁለት ነገር ቸግሮኛል። አንደኛው ባልየው ነው። ስጽፈው ወይ በጣም ጥሩ ወይ በጣም ክፉ ይሆንብኛል። ሁለተኛው ልጅቷ ናት። የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ ካሜራ ፊት ስታቆማት የትምህርት ቤት ግጥም ማንበብ ትጀምራለች። ፋርሃዲ ተርሜህን ያስተወነው የራሱን ልጅ ነው፣ ሳሪና ፋርሃዲን። እኔ ልጅ የለኝም።

እናት ነኝ

ልጅቷን ቃል አታስጠናት። አባትየውና እናትየው እውነት ተኮራርፈው ይቀመጡ። መልእክቱን ብቻ ስጣት፣ የምትለውን ራሷ ታውቃለች። ልጆች ይህን ያውቁታል።

ባልየውን በተመለከተ፣ ልጁ ጫማ ስታስር ጎንበስ ብሎ ይርዳት፣ ለሚስቱ ግን ቀና ብሎ አይያት። ሁለቱንም በአንድ ትዕይንት አሳይ። የኔው እንደዚያ ነበር። መጥፎ ሰው አልነበረም።

ምናኸሪያ

እኔ አሁንም ፊልሙ ይረዝማል ባይ ነኝ። ግን እናት ነኝ ስለ ኮሪደሩ ከጻፉልኝ በኋላ መጨረሻውን ደግሜ አየሁት። ናደርና ሲሚን ጥቁር ነው የለበሱት። ያ ማለት አባትየው ሞተዋል ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ እኮ የማይሄድበት ምክንያት ቀርቷል!

ሐይቅ ዳር (ክሩን የከፈተችው)

እኔም እንደዚያ ነው የተረዳሁት። ፊልሙ በቃል አይናገርም፣ ግን ሐዘን ላይ ናቸው። ምክንያቱ ቀርቶ እንኳ አልታረቁም። በዚያን ጊዜ የሚያጣላቸው አባትየው አልነበሩማ። ምናኸሪያ፣ ይህን ማየትህ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ከጓደኞቼ ግማሹ አላስተዋሉትም ነበር።

ካሜራ ጀርባ፣ ስክሪፕቱን ስትጨርስ እዚሁ ለጥፈው፣ ሁላችንም እናነበዋለን። ልምምዱን ግን ሳምንት አድርገው፣ ራስህ ነህ ያልከው።

ካሜራ ጀርባ

ሳምንት ይሆናል። ቤት ነው ያጣሁት። የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፣ ሳሎንና ጓዳ የተለያየ ቤት ያስፈልገኛል።

ሞቢል ሰፈር

የኛ ቤት ይሆንሃል። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ጓዳው በኋላ በኩል ነው፣ ግቢው ጸጥ ያለ ነው። እናቴን ጠይቄያታለሁ፣ ይምጡ ብላለች። ቅዳሜ ከሰዓት መጥተህ እየው። ምሳ ሳትበላ ና።